ልቤ ሳላዝዘው ለሚሰማው ነገር እጠየቃለሁ?

ስሜን_ልተወው፦
አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን አካውንት የከፈትኩት ለዚህ ጥያቄ ብቻ ነው። በዋናው ስሜ ብጽፈው የሚያውቁኝ ያዩታል።

ካገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጅ የለኝም፣ ሁለቴ አስወርዶኛል። ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ደወለች። ዕቃ እያጠብኩ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ነው ያወራኋት። ‹‹ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ መጀመሪያ ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው›› አለችኝ። አፌ ወዲያው ‹‹ማሻአላህ፣ አላህ በሰላም ያገላግልሽ›› አለ። እጄ ግን ስፖንጁን ጨምቆ እዚያው ቀረ። አረፋው በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ሲገባ ይታወቀኛል፣ ግን መልቀቅ አቃተኝ። ደረቴ ላይ የሆነ ከባድ ነገር ቁጭ አለ። በዚያ መሃል፣ አሁን ለመጻፍ ራሱ እየከበደኝ ነው፣ ‹‹እሷም እንደኔ ብትሆንስ›› የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቢበዛ አንድ ሰከንድ ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እህቴን እወዳታለሁ። ያሳደግኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ሐሳቡን አልጠራሁትም። ግን መጣ፣ የመጣውም ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከኔው ውስጥ ነው። ሐሰድ (ምቀኝነት) መልካም ሥራን ይበላል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶላት ላይ ስቆም ‹‹ምን አስመሳይ ነሽ›› የሚለኝ ነገር አለ። ሳልፈልገው ለመጣብኝ ስሜት አላህ ዘንድ እጠየቃለሁ ወይ? እባካችሁ የምታውቁትን ብቻ ንገሩኝ።

ሙሳፊር፦
ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። አይዞሽ። ረሱሉ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ እንዳሉት አላህ ለኡመታቸው (ለተከታዮቻቸው) ነፍስ የምታንሾካሹከውን ነገር ይቅር ብሏል፣ እስካልሠሩበት ወይም እስካልተናገሩት ድረስ። ከአቡ ሁረይራ የተላለፈ ነው፣ ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። አንቺ አልሠራሽም፣ አልተናገርሽም። እንዲያውም ዱዓ አደረግሽላት። አለቀ በቃ።

ቀጥተኛው፦
አላለቀም። ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሉን ነገር ‹‹አይዞሽ›› እያልን እየሸኘን ነው። ሐሰድ የልብ በሽታ ነው፣ ኢብሊስንም ያጠፋው እሱ ነው። ቁርአን ውስጥ አን-ኒሳእ 65ን አንብቡ። ረሱሉን (ሰ.ዐ.ወ) ፈራጅ አድርገው፣ ከዚያም በፈረዱት ነገር በነፍሳቸው ውስጥ ቅር መሰኘት እስካላጡ ድረስ አያምኑም ይላል። በነፍሳቸው ውስጥ ነው ያለው፣ በአፋቸው አላለም። ሱረቱ ሙሐመድ 9 ደግሞ አላህ ያወረደውን ስለጠሉ ሥራቸውን አበላሸባቸው ይላል። መጥላት ስሜት አይደለም እንዴ? አላህ ለእህቷ ሰጠ፣ ለሷ አልሰጠም፣ እሷ ከፋት። በቀደር፣ አላህ በወሰነው ነገር፣ መከፋት ነው ይሄ። ልቤ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ከተባለ ኢማን (እምነት) ራሱ የት ነው የሚቀመጠው?

ስሜን_ልተወው፦
የፈራሁት ይህንኑ ነው። እነዚህን አንቀጾች አውቃቸዋለሁ። ሌሊት ነቅቼ የማስበው እነሱን ነው።

ደረሳ፦
ወንድሜ ቀጥተኛው፣ አንቀጾቹ ልክ ናቸው፣ ያስቀመጥክበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሡኝ።

ይህ ጥያቄ በዚህች እህት አልተጀመረም። አል-በቀራ 284 ሲወርድ፣ በነፍሳችሁ ውስጥ ያለውን ብትገልጹትም ብትደብቁትም አላህ ይተሳሰባችኋል የሚለው ማለት ነው፣ ሶሃቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ደነገጡ። ሙስሊም ዘግቦታል። ወደ ረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ተንበረከኩ። ሶላትም ጾምም ጂሃድም ሶደቃም የምንችለውን ታዘናል፣ ይህችን ግን አንችላትም አሉ። እስኪ አስቡት። እነዚያ ሰዎች በበድር ጦርነት ላይ የቆሙ ናቸው፣ ያንበረከካቸው ግን የገዛ ልባቸው ነው። ረሱሉም እንደ ቀደሙት ባለመጽሐፎች ‹ሰማን አመፅንም› እንዳይሉ፣ ይልቅ ‹ሰማን ታዘዝንም› እንዲሉ ነገሯቸው። አሉ። ከዚያ ነው 286 የወረደው፣ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድዳትም የሚለው። 284 ተሽሯል ወይስ ተብራርቷል በሚለው ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ተለያይተዋል። የቁርአን ተርጓሚው ጠበሪ አልተሻረም ባይ ነው፣ አላህ ለሙእሚኑ (ለአማኙ) ያሳየዋል፣ ከዚያ ይቅር ይለዋል ነው የሚለው። በሁለቱም መንገድ ብትሄዱ ግን ሰው በማይችለው አይቀጣም።

አን-ኒሳእ 65 የወረደው ፍርድን አልቀበልም ስለሚል ልብ ነው። ሱረቱ ሙሐመድ ውስጥ ያሉትም ቁርአንን ራሱን የጠሉ ከሃዲዎች ናቸው። የሰው ባሕርይ የሚከብደውን ነገር መጥላት ሌላ ነው። አል-በቀራ 216 ላይ አላህ ለራሳቸው ለሶሃቦች ‹‹እናንተ የምትጠሉት ሲሆን›› ብሎ ነው መጋደልን የደነገገባቸው። እየጠላችሁት አለ እኮ! አልወቀሳቸውም። በብርድ ሌሊት ውዱእ የሚያደርግ ሰው ውሃውን ይወደዋል እንዴ? ሐዲሱ ላይ ምንዳ የተባለው እየከበደው አሟልቶ ለሚያደርገው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እህቴ። ኢማሙ ገዛሊ (በ1111 ነው የሞቱት) ኢሕያእ በተባለው መጽሐፋቸው ላይ ልብ ውስጥ የሚሆነውን በደረጃ ይከፍሉታል። ምሳሌያቸው ደስ ይለኛል። አንድ ሰው መንገድ ላይ እየሄደ ከኋላው ሴት እንዳለች ትዝ ይለዋል፣ ዞር ቢል ያያታል። ይህ ትዝታ ኻጢር ነው። ቀጥሎ ለማየት ውስጡ ይገፋፋዋል፣ ይህ ዝንባሌ ነው። ሦስተኛው ላይ ልቡ ‹‹ዞር ልበል›› ብሎ ይፈርዳል። አራተኛው ቁርጥ ውሳኔ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጠያቂነት የለም ይላሉ፣ በእጁ አይደሉምና። ሦስተኛው በምርጫው የመጣም ሳይመርጠው የመጣም ሊሆን ይችላል፣ የሚጠየቀው በመረጠው ነው። አራተኛው ላይ ይጠየቃል፣ አላህን ፈርቶ ከተወው ግን ሐሰና (መልካም ሥራ) ይጻፍለታል። ያንቺዋ ብልጭታ የት ላይ እንዳለች አንቺው ፍረጂ። እኔ ሁለተኛው ላይ እንኳን የደረሰች አይመስለኝም።

ሐሰድንም በተመለከተ፣ ሐሰን አል-በስሪን ሙእሚን ይመቀኛል ወይ ብለው ጠየቋቸው። ‹‹የያዕቆብን ልጆች ምን አስረሳህ?›› አሉ። ከዚያ ደረትህ ውስጥ ደብቀው፣ እጅና ምላስ እስካልወጡበት አይጎዳህም አሉት። ኢብን ተይሚያም ከሐሰድ ነፃ የሆነ ገላ የለም፣ ወራዳው ያወጣዋል፣ ጨዋው ይደብቀዋል ብለዋል። በነገራችን ላይ ‹‹ለኔም በሰጠኝ›› ማለት፣ የሷ እንዲጠፋ ሳትፈልጊ፣ ሐሰድ አይባልም። ጊብጣ ነው።

እንቅልፍ_ያጣው፦
ደረሳ አላህ ይጨምርልህ። እኔ ደግሞ የሌላ ዓይነት ነኝ።

ሶላት ላይ ስለ አላህ ልጽፈው የማልችለው ሐሳብ ይመጣብኛል። ስድብ ነው። ተክቢራ አደርጋለሁ (‹‹አላሁ አክበር›› ብዬ ሶላቱን እጀምራለሁ)፣ ይመጣል፣ እሰርዛለሁ፣ እንደገና ተክቢራ። አንድ ቀን የዙህር (የቀትር) ሶላት ላይ አሥራ አንዴ ጀመርኩ። የስድስት ዓመት ልጄ ከኋላዬ ቆሞ እጁን አሥራ አንዴ አብሮኝ ሲያነሳ ነበር። በኋላ ‹‹አባዬ ጨዋታ ነው?›› አለኝ። ያን ቀን ነው መታመሜን ያወቅኩት።

ያተረፈኝ አንድ ሐዲስ ነው። ሶሃቦች መጥተው በውስጣችን ለመናገር እንኳን የሚከብደን ነገር እናገኛለን አሉ። ረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) ‹‹በእርግጥ አግኝታችሁታል?›› ብለው ጠየቁ። አዎ ሲሏቸው ያ ግልጽ ኢማን ነው አሉ። ሙስሊም ውስጥ ነው። ሐሳቡ አይደለም ኢማን የተባለው፣ መጸየፉ ነው። ሌባ ባዶ ቤት አይሰብርም አለኝ አንድ ኡስታዝ። እህቴ፣ አንቺም ሐሳቡ መጥቶ አልቅሰሻል፣ አስመሳይ ሰው በዚህ አያለቅስም። ግን ሐዲሱ ብቻውን አልበቃኝም፣ የአእምሮ ሐኪም ጋም ሄጃለሁ። ስም ያለው በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። እዚህ የምታነቡ እንደኔ ያላችሁ ካላችሁ አትፈሩ።

ቀጥተኛው፦
ደረሳ፣ 65ን በተመለከተ ተቀብያለሁ፣ የወረደበትን ምክንያት ሳላይ ነው የተናገርኩት። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ስሜት ሁሉ ከእጃችን ውጪ ነው ካላችሁ የዑመርን (ረ.ዐ) ሐዲስ ምን ታደርጉታላችሁ? ቡኻሪ ውስጥ ነው። ዑመር ‹‹ከራሴ በቀር ከሁሉ ነገር በላይ እወድዎታለሁ›› አሉ። ረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) አይሆንም፣ ከራስህም በላይ እስክትወደኝ ድረስ አሉ። ዑመር ‹‹እንግዲያው አሁን ወላሂ ከራሴም በላይ እወድዎታለሁ›› አሉ። ‹‹አሁን ነው ዑመር›› ተባሉ። ፍቅር ታዘዘ፣ ደግሞም እዚያው ቆመው ተለወጠ። ‹‹አትቆጣ››ም ተብለናል፣ ቁጣም ስሜት ነው። ታዲያ ልብ የኔ አይደለም ማለት እንዴት ይሆናል?

ደረሳ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከመጀመሪያውም ይህን ብታመጣ ኖሮ ባልተጨቃጨቅን :)

የሐዲስ ሊቁ ኸጣቢ የዑመርን ሐዲስ ሲያብራሩ የተፈለገው የምርጫ ፍቅር ነው እንጂ የተፈጥሮ ፍቅር አይደለም ይላሉ። ሰው ነፍሱን መውደዱ ተፈጥሮ ነው፣ ማንም አይነቅለውም። ዑመር ቆም ብለው አሰቡ፣ ከጥፋት ያወጣኝ ማነው ሲሉ ልባቸው ሚዛኑን አስተካከለ። ቁጣም እንዲሁ ነው። አቡ ዳውድ የዘገበው ላይ የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ካልለቀቀው ጋደም ይበል ነው የሚለው። ቁጣው መጥቷል ማለት ነው፣ የታዘዘው ሰውነቱ ነው። ስለዚህ በአንተ ሐሳብ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ስሜት እንደ እንግዳ በሩን ሳያንኳኳ ይገባል፣ አልጋ የሚያነጥፍለት ግን ባለቤቱ ነው። በየቀኑ የእህቷን ፎቶ እየከፈተች ‹‹ለምን እሷ›› እያለች ብትቀመጥ ያኔ ሌላ ወሬ ነበር።

ምን_ላድርግ፦
ሰላም። ክሩን ከላይ እስከታች አነበብኩት፣ እፎይ አልኩ። ሚስቴን አልወዳትም። ቤተሰብ ነው ያጋባኝ። ልቤ ላይ ሥልጣን ከሌለኝ እንግዲህ ምን ይደረግ። ቤት የምገባው ስትተኛ ጠብቄ ነው፣ ምግብም ውጪ እበላለሁ፣ ብዙም አላወራትም። አላህ በልብ አይጠይቅም ካላችሁ ወንጀል የለብኝም ማለት ነው አይደል?

አያት_ነኝ፦
አንተ ልጅ፣ እስኪ ቁጭ በል።

ብዙ ዓመት ሴቶችን ቁርአን አስቀርቻለሁ፣ እንዲህ የሚል ወንድም ብዙ አይቻለሁ። አለመውደድህን ማንም አልጠየቀህም። አን-ኒሳእ 19 ላይ አላህ ምን አለ? በመልካም ተኗኗሯቸው፣ ብትጠሏቸውም ምናልባት አንዳች ነገር ትጠሉና አላህ በርሱ ብዙ ደግ ነገርን ያደርጋል ነው ያለው። ተመልከት፣ ጥላቻው እንዳለ ነው የታዘዝከው። በሚስቶች መሃል በልብ ማስተካከል አትችሉም ያለው 129ም እዚያው ጋ ጨርሶ አታዘንብሉ፣ እንደ ተንጠለጠለችም አትተዋት ይላል። እኩለ ሌሊት በር ከፍተህ መግባት ስሜት አይደለም። እግርህ ነው። አለመናገር ምላስህ ነው። እሷ ስትተኛ የምትጠብቀውን እሷም ነቅታ ትሰማሃለች፣ ይህን ከኔ ስማ።

ልብን ማዘዝ እንደማይቻል ከፈለግህ የሙጊስንና የበሪራን ልንገርህ። በሪራ ነፃ ስትወጣ ባሏን ሙጊስን ተወችው፣ መብቷ ነበር። ሙጊስ በመዲና መንገድ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደ ያለቅሳል፣ እንባው በጢሙ ይወርዳል። ረሱሉም (ሰ.ዐ.ወ) ለአጎታቸው ለዐባስ፣ ሙጊስ በሪራን መውደዱና በሪራ ሙጊስን መጥላቷ አይገርምህም ወይ አሉ። ከዚያ እሷን ብትመለሽለትስ አሏት። ‹‹ያዙኛል ወይ?›› አለች። አይ፣ አማላጅ ነኝ ሲሉ ‹‹እንግዲያው አልፈልገውም›› አለች። ወንድ ልጅ መንገድ ላይ አለቀሰ ተብሎ አልተወቀሰም። እሷም ጠላሽ ተብላ አልተወቀሰችም። ግን አስተውል፣ ቤቱ ተቀምጣ አላሰቃየችውም። ትታው ሄደች። አንተም ወይ ያዛት፣ ወይ በወግ ልቀቃት።

መጀመሪያ ለጠየቀችው ልጄ ደግሞ። የረሱሉ ልጅ ኢብራሂም ሲሞት ዓይን ያለቅሳል፣ ልብ ያዝናል፣ ጌታችንን ከሚያስወድደው በቀር አንናገርም አሉ። ሌላ ጊዜም ሰዕድ ኢብን ዑባዳ ታመው ሊጠይቋቸው ሄደው ሲያለቅሱ፣ አላህ በዓይን እንባና በልብ ሐዘን አይቀጣም፣ በዚህ እንጂ ብለው ወደ ምላሳቸው ጠቆሙ። ሁለቴ አስወርዶሽ የእህትሽን እርግዝና ስትሰሚ ደረትሽ ባይከብድ ኖሮ ነው የሚገርመኝ። ያ ሁሉ ሐሰድ አይደለም ልጄ፣ ከግማሽ በላይ ሐዘን ነው። ስሙን አታጥፊበት።

እንቅልፍ_ያጣው፦
እናቴ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ‹‹እግርህ ነው›› የሚለው እኔንም መታኝ።

ምን_ላድርግ፦
እሺ እናቴ። ያሉትን ሰምቻለሁ። ትነቃለች ያሉት ግን እውነት ነው እንዴ?

አያት_ነኝ፦
ጠይቃት።

ሙሳፊር፦
ስለ መራቅ አንድ ነገር ልጨምር። እህታችን ለጊዜው እህቷን ማየት ከከበዳት ነውር አይደለም። ወሕሺ ሐምዛን (ረ.ዐ) በኡሑድ ጦርነት ቀን የገደለው ነው። ከዓመታት በኋላ ሰልሞ መጣ። ረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናውን ተቀበሉት። ግን ‹‹ፊትህን ከኔ ልትሰውር ትችላለህ?›› አሉት፣ ቡኻሪ ውስጥ አለ። አጎታቸውን የገደለ ፊት ነው። አልበቀሉትም፣ አላባረሩትም፣ አላስመሰሉም። ልባቸው የሚያመውን አወቁ፣ ለዚያ የሚሆን ጥያቄ በጨዋ ቋንቋ ጠየቁ።

ቀጥተኛው፦
ይህ ነገር ልቤን ነካው። ወሕሺን ስናነብ ሁሌ ሐሰተኛውን ነቢይ ሙሰይሊማን መግደሉ ላይ ነው የምንሮጠው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ በቀደር መከፋት ያልኩትን አንስቻለሁ። አፉ በይኝ።

ስሜን_ልተወው፦
ሁላችሁንም አላህ ኸይር ይመንዳችሁ። ቀጥተኛው፣ ምንም አይደለም፣ አንተ ያልከውን እኔ ለራሴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለው ነበር።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። የደበቅኩት አይመስለኝም፣ በቃ ትዝ አላለኝም። ሙሳፊር ‹‹አልሠራሽም አልተናገርሽም›› ሲለኝ የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። አያቴ ‹‹ወደ ምላሳቸው ጠቆሙ›› ብለው ሲጽፉ ነው የገባኝ። እህቴ ከደወለች በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ‹‹ሰማሽ አይደል የምሥራቹን?›› ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ‹‹እስኪ ይቆይላት እንደሆነ እናያለን›› አልኩ። ከስሩ የሚስቅ ምልክት አደረግኩ። ላኩ። ከዚያ ተነሥቼ የዐስርን (የከሰዓቱን) ሶላት ሰገድኩ፣ ሶላቱ ላይ ስለዚያች የአንድ ሰከንድ ሐሳብ እያለቀስኩ። ስለ መልእክቱ አንዴም አላሰብኩም።

አሁን ተመልሼ አየሁት። እዚያው ነው። ሁለት የመነበብ ምልክት አለው፣ አንብባዋለች።

ደረሳ፦
ሱብሃነላህ።

እህቴ፣ እንግዲህ ተውባ (ንስሐ) የሚያስፈልገው ይሄ ነው፣ የስፖንጁ ቀን አይደለም። ደስ የሚለው ነገር ይህኛው በእጅሽ ነው። የተናገርሽው ለአክስትሽ ልጅ ስለሆነ እዚያው አስተካክይው፣ በእህትሽ ላይ ያለሽን መልካም ነገር ለዚያችው ሰው ተናገሪ። እህትሽ ካልሰማች ሄደሽ ‹‹እንዲህ ብዬሽ ነበር›› ብለሽ አታሳምሚያት፣ ብዙ ዑለማዎች እንዲህ ባለው ጊዜ ዱዓ አድርግለት፣ በጎውን አውራለት ነው የሚሉት። ልብሽ ደግሞ የራሱን ጊዜ ይውሰድ።

አያት_ነኝ፦
ልጄ፣ አሁን ከማልቀስሽ በፊት መልእክቱን ጻፊ።

ስሜን_ልተወው፦
ጻፍኩላት። ‹‹ያን ቀን የጻፍኩልሽ ክፉ ንግግር ነው፣ ከሐዘኔ ነው የወጣው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለሷም አላህ ይጠብቅላት›› አልኳት። መልሳ ‹‹እኔም ደንግጬ ነበር፣ ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት›› አለች።

እህቴ የአልትራሳውንዱን ፎቶ ከላከችልኝ አራት ቀኗ ነው፣ አልከፈትኩትም ነበር። አሁን ከፈትኩት። ምንም አይታይም፣ ጭጋግ ነገር ነው፣ መሃሉ ላይ ባቄላ የምታክል ነገር አለች። ደረቴ ያው ከበደኝ። ‹‹አየሁት፣ ቆንጆ ነው፣ እኔ ግን ለጥቂት ሳምንት ስለሱ ብዙ ባናወራ ደስ ይለኛል፣ ከአንቺ አይደለም›› ብዬ ጻፍኩላት። እየጻፈች እንደሆነ ያሳየኛል። ያቆማል፣ ይጀምራል።